ገንዲ የጠበቀው ዳርቻ

ማንቡክ ላይ በ1990ዎቹ ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ አይወጣም ነበር። ገበያ፣ ለቅሶ፣ እርሻ፣ ጤና ጣቢያ፣ ወይም ግልገል በለስ ድረስ የሚያስኬድ የቢሮ ጣጣ፤ ከእነዚህ አንዱ ከሌለ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አይሱዙ ሲያልፍ ማየት ይበቃል። ስለዚህ አንድ የወባ መከላከል ሠራተኛ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን አሰልፎ ገና ሳይነጋ ከግቢው ሲወጣ፣ ጎረቤቱ ነጠላዋን እየጣለች ተከትላ ወጥታ «ምነው በደኅናችሁ? ማን ሞተ?» አለች። «ኧረ ማንም አልሞተ፤ በለስ ወርደን ጉማሬ ልናይ ነው» ሲላት ይበልጥ ደነገጠች።

ቀኑ የካቲት 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር፤ የዓድዋ በዓል። ትምህርት ቤትም ቢሮም ዝግ ነው። ዕለቱ ረቡዕ መዋሉን ልብ ያለችው እናትየው ብቻ ናት፤ ስንቁን የያዘችው እሷ ነበረችና በሶውንም፣ ሽሮ የተቀባውን እንጀራም ለጾም አድርጋ ነው ያሰናዳችው።

ዛሬ ባሕር ዳር የምትኖረው ትልቋ ልጅ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች። የዚያ ቀን ነገር በቤተሰቡ መካከል በተነሣ ቁጥር ክርክር ነው። እሷ ጉማሬዎቹ አምስት ነበሩ ትላለች፤ ወንድሟ ሁለት ብቻ ነበሩ፣ የቀሩት ድንጋይ ናቸው ይላል። ትንሿ ደግሞ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ስለነበር አንዱንም አታስታውስም፤ ክርክሩ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የምትጮኸው እሷ ናት።

ማንቡክ የዳንጉር ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ዳንጉር በመተከል ዞን፣ መተከል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል። ጉሙዙ፣ አገው፣ አማራው፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞው በአንድ ገበያ የሚገናኝባት የቆላ ከተማ። በካርታ ላይ የክልሉ መዲና አሶሳ ከዓባይ ማዶ ቅርብ ትመስላለች። በዚያ ዘመን ግን ከመተከል ወደ አሶሳ የሚሄድ ሰው በቻግኒ ደጋ ወጥቶ፣ በእንጅባራና በቡሬ ዞሮ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በነቀምትና በጊምቢ በኩል ነበር የሚገባው። አባትየው ለስብሰባ ሲጠራ ቤተሰቡ እንደ ዘማች ይሸኘው ነበር። ማንቡክ ከራሷ መዲና እንዲህ ርቃ መቀመጧ ብዙ ነገር ያስረዳል፤ ከዱር አራዊት ጋር ቅርብ ለቅርብ መኖሯንም ጭምር።

አሰብና ምጽዋ ከተለዩ ወዲህ ያደገ ኢትዮጵያዊ ልጅ የባሕር ዳርቻን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። ለመተከል ልጅ ዳርቻ ማለት በለስ ነው፤ ከጣና ምዕራብ ካሉት ተዳፋቶች ተነሥቶ በጃዊና በፓዊ በኩል ወደ ቆላ የሚወርደው፣ መጨረሻው ዓባይ የሆነው ወንዝ።

የሄዱት በጭነት አይሱዙ ነው። እናትና ሕፃኗ ጋቢና፣ አባትና ሁለቱ ልጆች ከላይ ከጆንያ ጋር። መንገዱ ፒስታ ነበር፤ አቧራው የልጆቹን ቅንድብ እስኪያነጣ ድረስ ይጨሳል። ግራና ቀኙ ከፊሉ ሸመል ነው፤ የቆላው ቀርከሃ፣ ውስጡ ድፍን የሆነው። ከፊሉ ደግሞ ጥቁር አመድ፤ በበጋ ሣሩ ይቃጠላል፣ ከሳምንት በኋላ ከአመዱ ሥር አረንጓዴ ጭል ጭል ይላል፣ ሚዳቋና ድኩላ ለዚያ ለጋ ሣር ይመጣሉ። ልጆቹ ከመኪናው ላይ ያዩት የመጀመሪያው አውሬ ግን ከርከሮ ነበር፤ ጭራውን እንደ ሬዲዮ አንቴና አቁሞ ቤተሰቡን እያስከተለ መንገዱን አቋረጠ። ወንድየው ልጅ «እነሱም በዓል ላይ ናቸው» አለ። ይህች ቀልድ የእሱ መሆኗን እስከ ዛሬ ማንም አይከራከረውም።

መውረጃው ላይ አንድ የጉሙዝ አርሶ አደር ይጠብቃቸው ነበር። ወዳጅነቱ የመጣው በወባ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ልጁ ክፉኛ ታሞበት፣ የወባ ሠራተኛው በሌሊት ደርሶለት ነበር፤ በ1995 እና በ1996 ወባ በብዙ የአገሪቱ ክፍል በወረርሽኝ መልክ የተነሣበት፣ ፋንሲዳር የተባለው የወባ መድኃኒት እምቢ እያለ የመጣበት፣ የሚተካው ኳርተምም ገና መግባቱ የነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ማንቡክ ገበያ ሲመጣ ማርም ሆነ ዓሣ ይዞ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። የሚጠራውም «ዶክተር» እያለ ነው። አባትየው ሐኪም እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ ነግሮታል፤ አልሰማውም።

ሰውየው ከፊት፣ ልጆቹ ከመካከል፣ አባት ከኋላ ሆነው በእግር ወረዱ። የጉሙዝ ሴቶች ትከሻቸው ላይ ባጋደሙት ዘንግ ሁለት ጫፍ ውሃ አንጠልጥለው፣ ሽቅብ ሲወጡ አገኟቸው። አንዷ ሴት የከተማውን ሰው አሰላለፍ አይታ የሆነ ነገር ተናገረችና ሁሉም ሳቁ። መሪው ምን እንዳለች ተጠይቆ አልተረጎመም።

የካቲት ላይ የያኔው በለስ ወንዝ ብቻ አልነበረም። ውሃው ይጎድልና አሸዋው ገላጣ ይሆናል፤ በድንጋይና በአሸዋ መካከል ጥልቅ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ ያም ያም አውሬ ወደ እነዚያ ኩሬዎች ይሰበሰባል። ክረምት ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር የተበተነው ነገር ሁሉ በጋ ላይ በአንድ ጥግ ይገኛል። ትልቋ ልጅ ኋላ ላይ ብዙ ጥብቅ ሥፍራዎችን አይታለች፤ አቢያታ ሻላንም፣ አዋሽንም። በር ላይ ቲኬት ቆርጣ ገብታ የዚያን ቀኑን ያህል በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ እንዳላየች ትናገራለች። የልጅነት ዓይን ያገዝፋል፤ ያም ሆኖ ያነጋገራት ሰው የማይክደው ነገር አለ፦ ዝርዝሩን በትክክል ታውቀዋለች።

መጀመሪያ ያየችው የወንዙን ገደል ነው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠው አፈር በቀዳዳ ተወንፍቷል፤ ከየቀዳዳው ደማቅ ቀይ ወፎች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ንብ በል ወፎች ናቸው፤ በወንዝ ዳር ገደል በመንቁራቸው እየቆፈሩ፣ ከክንድ የሚረዝም ጉድጓድ ውስጥ በማኅበር የሚፈለፍሉ። ሣር ሲቃጠል ከእሳቱ የሚሸሸውን አንበጣና ፌንጣ ለመልቀም ጭሱ ፊት ለፊት ሲመላለሱም ይታያሉ።

አሸዋው ላይ ደግሞ ሌላ ወፍ። ትንሽ፣ ጥቁርና ነጭ ዘውድ ያላት፣ ክንፏ ግራጫ፣ ሆዷ ቡናማ ቢጫ። ፈረንጆች የአዞ ወፍ ይሏታል፤ ምክንያቱ የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አዞ አፍ ውስጥ ገብታ አልቅት ትለቅማለች ብሎ ስለጻፈ ነው። አዞ አፍ ውስጥ ስትለቅም በአስተማማኝ ሁኔታ ያየ የዘመናችን ተመራማሪ የለም። እውነተኛው ነገሯ ከተረቱ ይበልጣል፦ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ወንዝ ወርዳ የሆዷን ላባ ነክራ ትመለስና እንቁላሏን ታቀዘቅዛለች። ጉሙዙ መሪ ልጆቹን ያስቆማቸው እዚያ ላይ ነው፤ ወፏ ውሃና አሸዋ መካከል ስትመላለስ አሳያቸውና በዘንጉ ዙሪያውን ጠቆመ። እዚያ አትርገጡ።

ከዚያ ጉማሬዎቹ። አምስትም ይሁኑ ሁለት፣ ከውሃው በላይ የሚታየው ጆሯቸው፣ ዓይናቸውና አፍንጫቸው ብቻ ነበር። ቀን ቀን ቆዳቸው ፀሐይ ስለማይችል ውሃ ውስጥ ይውላሉ፤ ማታ ወጥተው አንዱ እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ይግጣል። መሪው ከኩሬው ወደ ሜዳው የሚወጣ፣ እንደ ቦይ የተቦረቦረ መንገድ አሳያቸውና ለልጆቹ አንድ ትምህርት ብቻ ሰጠ። ጉማሬና ውሃ መካከል አትቁሙ። አውሬው ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃ ነው፤ መንገዱ ላይ ያገኘው ይጨፈለቃል። አዞም ነበር፤ ማዶ ላይ ተጋድሞ። ወንድየው ልጅ ግንድ ነው ብሎ እየተከራከረ ሳለ ግንዱ ውሃ ውስጥ ገባ።

ጠቡ የተነሣው ምሳ ላይ ነው። መሪው ቀረሶና አምባዛ አጥምዶ ኖሮ በደረቅ ሸመል እሳት ጠበሰው። እናትየው በሶዋን በጠበጠች። «ረቡዕ ነው» አለች። አባትየው «ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም፤ ደም የለውም» ብሎ ጀመረ። ይህ ክርክር በስንቱ የጎጃም ቤት በስንቱ ጾም እንደተደረገ ይታወቃል፤ ከካህኑ እስከ ዲያቆኑ ሁሉም የየራሱ መልስ አለው። «ደም የለውም? ታዲያ እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችው። አባት በላ፤ እናት አልበላችም፤ ልጆቹ ደግሞ በሶውንም ዓሣውንም በሉ። ዓሣው ያለ ጨው እንደነበረና እንደዚያ የጣፈጠ ምግብ እንደማታውቅ ትልቋ ልጅ እናቷ በሌለችበት ብቻ ትናገራለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጡ። አባትየው በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ ቢንቢ ሳይነሣ ከወንዝ መራቅ ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የራሱን ሐሳብ ጣልቃ ማስገባት ይፈልጋል። ያ ዳርቻ አጥር አልነበረውም፤ ዘበኛ አልነበረውም፤ ታፔላ የለው፣ ስም የለው። እንግዲያው ማን ጠበቀው? የጉሙዝ ሰው በወንዙ ሲያጠምድና ሲያድን ኖሯል፤ ግን ቁጥሩ ጥቂት፣ እርሻው ተዘዋዋሪ፣ ጫካው ቤቱ ነበር። ከደጋ የሚመጣውን ሰውና ከብት ያስቆሙት ሁለቱ ዘቦች ግን ወባና ገንዲ ናቸው። የገንዲን በሽታ የምታዛምተው የቆላ ዝንብ ድኩላንም ከርከሮንም ትነክሳለች፤ አውሬው ተሕዋሲውን በደሙ ተሸክሞ ደህና ሆኖ ይኖራል። የደጋ በሬ ግን ከነከሰችው ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ይሞታል። በሬ የማይኖርበት ቦታ ላይ የሚያርስ ደገኛ አይሰፍርም። ወባው ደግሞ ሰውየውን ራሱን ይይዘዋል። አገው ምድርና ዳሞት ላይ ቆላ ወርዶ ማደር እንደ ጀብዱ የሚቆጠረው በዚህ ነው።

መንግሥት ይህን አጥር ሊሰብር የሞከረው በደርግ ዘመን ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያና ከሌላም ቦታ ወደ 80 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ወደ ፓዊ ሰፈረ፤ በጣሊያን መንግሥት እርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተከፈተ፤ ሥራውን የያዘው ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር። መንደሮቹ ስም እንኳ አልተሰጣቸውም፤ ቁጥር ብቻ። ዛሬም ሰው «መንደር ሰባት ነኝ» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወባ ብዙ ሰፋሪ ጨረሰ። ጉሙዙም መሬቱን አጣ፤ ይህ በሰፈራው ታሪክ ላይ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ነው።

የወባ ሠራተኛው ኑሮ የተገነባው በዚህ ላይ ነው። ጀርባው ላይ ዲዲቲ የሞላ ፓምፕ ተሸክሞ ከጎጆ ጎጆ ግድግዳ ረጭቷል፤ በኋላም አጎበር አድሏል። ልጆች እንዳይሞቱ ነው የሠራው፤ ብዙዎችም አልሞቱም። ነገር ግን ቤት በረጨ ቁጥር፣ የወንዙን አንደኛ ዘብ መሣሪያ እያስፈታው ነበር። ይህን ትልቋ ልጅ አንድ ጊዜ በጨዋታ መካከል ብትነግረው ብዙ ሳያስብ መለሰላት፦ «ጉማሬው እንዲኖር የሰው ልጅ ይሙት ልትዪኝ ነው?» እሷ ይህን አላለችውም። እሱም እንዳላለችው ያውቃል። ነገሩ እንዲሁ ቀረ።

ወንዙ ራሱ የተለወጠው ከዚያ ሽርሽር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ግንቦት 2002 የጣና በለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት። ከጣና ሐይቅ የተጠለፈው ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ ተርባይኖቹን ካዞረ በኋላ የሚለቀቀው ወደ በለስ ነው፤ ዕቅዱ በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ነበር። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጎደለው ውሃ በለስን ሞላው ማለት ነው። በየካቲት ሰው ሱሪውን ሰብስቦ የሚሻገረው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ የሚሞላ ሆነ፤ ድልድይ በሌለበት መሻገሪያው ላይ ሰው የወሰደበት ጊዜም ብዙ ነው። የበጋው ገላጣ አሸዋ በውሃ ሲሸፈን፣ አሸዋ ላይ የምትፈለፍል ወፍ ምን እንደምትሆን መገመት አያዳግትም። ከዚያ የስኳር ልማቱ መጣ፤ የሸንኮራ አገዳው ማሳ የበለስን ውሃ ተከትሎ ተዘረጋ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የሰው እጅ ያመጣው ሞት ነው። በ2012 እና በ2013 መተከል ውስጥ በሰላማዊ ሰዎች ላይ ግድያ ተፈጸመ፤ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ፤ ብዙ ሺሕ ተፈናቃይ ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ከረመ። ዳንጉርም አልተረፈም። በአንድ ጭነት መኪና ላይ የአገው፣ የአማራና የጉሙዝ ሰው ተጫጭኖ የሚሄድበት መንገድ ማለዳ መነሣት እንኳ የሚያስፈራ ሆነ። ቤተሰቡ ያኔ ማንቡክን ከለቀቀ ቆይቷል። ስለ ጉሙዙ ወዳጅ ወሬ ያገኙት ዘግይተው ነው፤ በሕይወት አለ፣ ቦታ ለውጧል።

አውሬው የት ሄደ? ከፊሉ ወደ ሰሜን፣ ሰው ወዳነሰበት ያፈገፍግ ይሆናል። የዳንጉር ጎረቤት የሆነው የቋራ ቆላ ላይ የአማራ ክልል በ1998 የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክን አቋቁሟል፤ ስፋቱ ከ2,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደቡባዊ ወሰኑ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው፤ በምዕራብ እ.ኤ.አ. በ1935 ከተከለለው የሱዳን ዲንደር ፓርክ ጋር ይገጥማል። በ2008 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሐንስ ባወር የመሩት ቡድን እዚያ በወጥመድ ካሜራ አንበሳ ቀረጸ፤ በሁለቱ ፓርኮች በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችልም ገመተ። ዓለም ዜናውን እንደ አዲስ ግኝት አወራው። የቋራ እረኛ ግን ካሜራውን አልጠበቀም፤ አንበሳው ላሙን ከበላበት ቆይቷል።

በለስ ደግሞ ወደ ታች፣ ከዓባይ ጋር የሚገናኝበት ሸለቆ አሁን ሐይቅ ነው። ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ የያዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ንጋት ሐይቅ ተብሏል። ዋናውን ግንባታ የሠራው ያው በፓዊ የታየው የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ ስሙን ግን ለውጧል። ጣና ላይ ተለያይተው አንዱ በጢስ ዓባይ፣ አንዱ በዋሻው በኩል የወረዱት ሁለት ውሃዎች እዚያ ይገናኛሉ። አገሪቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከጥቅጥቅ ቆላ መካከል አዲስ ዳርቻ አገኘች፤ ደሴቶች ያሉት፣ ጀልባ የሚሄድበት፣ ወጣቶች ዓሣ የሚያሰግሩበት።

ትልቋ ልጅ አሁን ሁለት ልጆች አሏት። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ንጋት ሐይቅ ልትወስዳቸው አስባ ቡሬ ላሉት ወላጆቿ ደወለች። አባትየው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሙያው ግን አልወጣለትም። ስለ ሐይቁ ውበት ልታወራው ስትጀምር ወዲያው ወደ ቆቃ ወሰዳት፤ በቆቃ ግድብ ዙሪያ በተደረጉ ጥናቶች ለውሃው ቀረብ ያሉ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ ታይቷል፣ አዲስ ሐይቅ አዲስ ወባ ነው። አጎበር ያዙ። እጅጌ ረጅም ልብስ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ከውሃው ዳር መራቅ። ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ካላቸው ሳይውል ሳያድር ደም ማስመርመር። ጉማሬ ካያችሁ ደግሞ የቱ ጋ እንደምትቆሙ ታውቂያለሽ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ከዚያ ስልኩን ለእናትየው አቀበለ። እሷ የጠየቀችው ጉባ ላይ ዓሣ በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ነው።